መንታዎቼ በአንድ እንግዴ ልጅ ላይ ናቸው፤ ሌዘሩን ልሠራ ወይስ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመንታ እርጉዝ ነኝ፤ 19ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ልጆቹ ሁለቱም በአንድ እንግዴ ልጅ ላይ ናቸው ተብያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሆዴ በአንዴ ተነፋ፤ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል። አልትራሳውንድ ሲያዩኝ የአንዱ ልጅ ውሃ 11 ሴንቲ ሜትር፣ የሌላው 1 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። የትንሹ ፊኛም አይታይም አሉ። ‹ደረጃ ሁለት ነው፣ በሌዘር መሠራት አለብሽ› ብለው ለከነገ ወዲያ ባልቲሞር ላኩኝ። እናቴ ከጎንደር ደውላ ‹ልጄ፣ ማሕፀን ውስጥ ያለ ነገር አይነካም፣ ለእመቤቴ ስጪው› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ውሃውን ብቻ ቢቀዱልሽስ ይላል። እኔ ሁለቱንም እንዳላጣ ነው የምፈራው። ሆዴን ቀደው ነው የሚሠሩት? ምን አጥፍቼ ነው ይህ የመጣብኝ?»

መልስ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የከነገ ወዲያውን ቀጠሮ አትሰርዢ። እስከዚያ ድረስ ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከጀመረሽ፣ ውሃ ወይም ደም ከፈሰሰሽ፣ ወይም ትንፋሹ ከባሰብሽ ቀጠሮውን ሳትጠብቂ ሆስፒታል ግቢ። እዚህ ሆኜ ልመረምርሽ አልችልም፤ የመጨረሻው ውሳኔ ካዩሽ ሐኪሞች ጋር የምትወስኚው ነው። ግን የጻፍሽው ቁጥር ብዙ ይናገራል። እናም የተነገረሽ ነገር ትክክል ነው።

«ምን አጥፍቼ ነው» ላልሽው፦ ምንም። ቡና ስለጠጣሽ አይደለም። ዕቃ ስላነሳሽ አይደለም። ስለጾምሽም፣ ስላልጾምሽም፣ ስለተናደድሽም አይደለም። ልጆችሽ የተገኙት ከአንድ እንቁላል ነው። ያ እንቁላል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለሁለት ቢከፈል ኖሮ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ይኖራቸው ነበር። የአንቺዎቹ ትንሽ ዘግይተው፣ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው የተለያዩት። ስለዚህ የውሃ ከረጢታቸው ለየብቻ ሆነና እንግዴ ልጃቸው አንድ ሆነ። ያኔ አንቺ ማርገዝሽን እንኳ አታውቂም ነበር።

አሁን ወደ በሽታው እንግባ፤ ከመንታ ወደ መንታ የደም መተላለፍ (በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ TTTS) ይባላል። ሁለት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ አስቢ። ሂሳቡን እኩል እስከተካፈሉ ድረስ ችግር የለም። በአንድ እንግዴ ልጅ ላይ ያሉ መንታዎችም እንዲሁ ናቸው። በእንግዴ ልጁ ገጽ ላይ የአንዱ የደም ሥር ከሌላው ጋር ይገናኛል። ይህ በራሱ በሽታ አይደለም፤ እንዲህ ባሉ መንታዎች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚገኝ ነገር ነው። በአንድ መንገድ የሄደው ደም በሌላ መንገድ ይመለሳል። ከ100 እንዲህ ዓይነት እርግዝና ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ግን ሚዛኑ ይዛባል። ከአንዱ ልጅ ደም ቅዳ የወጣው ደም በሌላው ልጅ ደም መልስ በኩል ይሄዳል፤ በበቂ መጠን አይመለስም። አንዱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ ሆነው ይቀራሉ።

ሰጪው ደሙ ሲያንስበት ኩላሊቱ ሽንት መሥራቱን ይቀንሳል። በዚህ የእርግዝና ጊዜ የእንሽርት ውሃ በአብዛኛው የልጁ ሽንት ነው። ሽንት ካልተሠራ ውሃ የለም። ፊኛውም ባዶ ስለሆነ በአልትራሳውንድ አይታይም። ውሃው ሲያልቅ ከረጢቱ እላዩ ላይ ይለጠፍና ልጁን ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ተቀባዩ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ደም በዝቶበታል። ትርፉን ለማስወገድ ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ ውሃው እየሞላ ይሄዳል። ሆድሽ በአንድ ሳምንት የተነፋው፣ ትንፋሽም ያጠረሽ በዚህ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ትንሹ ነው የታመመው፣ ትልቁ ደህና ነው ብሎ ያስባል። ልክ አይደለም። ተቀባዩ ያንን ሁሉ ደም የሚገፋው በጣት ጫፍ በሚያህል ልብ ነው። ልቡ ይወፍራል፣ ይደክማል፣ በመጨረሻም ሰውነቱ ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ሁለቱም ታመዋል፤ አንዱ በማነስ፣ አንዱ በመብዛት።

የተነገረሽ «ደረጃ ሁለት» እ.ኤ.አ. በ1999 ሩበን ኪንቴሮ የተባለው ሐኪም ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ካወጣው መለኪያ የመጣ ነው። የሰጪው ውሃ ጥልቀቱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች፣ የተቀባዩ ከ8 በላይ ሲሆን ደረጃ አንድ ይባላል። በአውሮፓ ከ20 ሳምንት በኋላ ለተቀባዩ 10 ሴንቲ ሜትርን ይጠቀማሉ። በዚያ ላይ የሰጪው ፊኛ ካልታየ ደረጃ ሁለት ነው፤ የአንቺ ይህ ነው። በዶፕለር፣ ማለትም ደም ሲፈስ በሚለካው አልትራሳውንድ፣ የደም ፍሰቱ በጣም ከተበላሸ ሦስት፣ አንዱ ልጅ ሰውነቱ ውሃ ከቋጠረ አራት፣ አንዱ ወይም ሁለቱ ካለፉ አምስት። ይህ መሰላል በተራ የሚወጣ እንዳይመስልሽ። ከሁለት ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ አራት ላይ የሚገኝ አለ። በደረጃ አንድ ላይ ያለች እናት ሆዷ ካላስቸገራት እየታየች መጠበቅ ትችላለች። ከደረጃ ሁለት እስከ አራት ግን፣ ከ16 እስከ 26 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ሌዘር፣ ማለትም የተገናኙትን የደም ሥሮች በብርሃን ጨረር መዝጋት፣ የመጀመሪያ ምርጫ ነው።

ብትጠብቂስ? በዚህ የእርግዝና ጊዜ የጠናው ዓይነት ሳይታከም ሲቀር ከልጆቹ አብዛኞቹ አይተርፉም። የድሮ ጥናቶች ከ10 ልጆች 8 ወይም 9 ይላሉ። አንዱ መንገድ ያለ ጊዜው መውለድ ነው፤ ያ ሁሉ ውሃ ማሕፀኑን ወጥሮ የማሕፀን በሩን ያሳጥረዋል። ሌላው መንገድ ሰዎች የማይገምቱት ነው። አንዱ ልጅ ማሕፀን ውስጥ ካለፈ የተገናኙት የደም ሥሮች ክፍት ናቸው። በሕይወት ያለው ልጅ ደሙ ወደ ሞተው በድንገት ይፈስሳል። በዚህ ምክንያት እሱም ሊሞት ይችላል። ቢተርፍም አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ ከሚተርፉት መካከል ከአራት አንዱ ገደማ ላይ ይደርሳል። «አንዱን እንኳ ባድን» ለምትል እናት መጠበቁ ለዚያ አንዱም ዋስትና አይሆንም።

የባለቤትሽ ሐሳብ ሞኝነት አይደለም። ለብዙ ዓመታት ሕክምናው ራሱ ያ ነበር። በመርፌ ውሃውን እየቀዱ ማሕፀኑን ማቅለል። እናትየው ወዲያው እፎይ ትላለች። ግን የተገናኙት የደም ሥሮች እንዳሉ ናቸው፤ ውሃው ተመልሶ ይሞላል። ይህን ለመለየት በአውሮፓ አንድ ትልቅ ጥናት ተደረገ፤ ውጤቱ በ2004 ወጣ። 142 እናቶች በዕጣ ተከፋፍለው ግማሾቹ ሌዘር፣ ግማሾቹ ውሃ መቅዳት ተደረገላቸው። ልዩነቱ ከመጉላቱ የተነሳ ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተወሰነ። ከተወለዱ እስከ 28 ቀን ቢያንስ አንድ ልጅ በሕይወት የነበረው በሌዘሩ ወገን 76 በመቶ፣ በውሃ መቅዳቱ 56 በመቶ ነው። በሌዘር የታከሙት በአማካይ 33 ሳምንት ደርሰው ወልደዋል፤ ሌሎቹ 29። አንድ ከባድ የአንጎል ጉዳትም በሌዘሩ 6፣ በሌላው 14 በመቶ ነበር። ባለቤትሽ ቁጥር የሚወድ ሰው ከሆነ ይህን አሳዪው።

ሌላም አለ። ከሌዘሩ በፊት በመርፌ መቅዳት ውሃውን ሊያደማው ይችላል። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለውን ስስ ሽፋንም ሊቀደው ይችላል። ያኔ ሌዘር የሚሠራው ሐኪም ማየት ይቸግረዋል። ስለዚህ አንድ ሰው «ለዛሬ ውሃውን ትንሽ ልቅዳልሽ» ቢልሽ፣ መጀመሪያ ባልቲሞር ካሉት ጋር ይነጋገሩ።

አሁን ዋናው ፍርሃትሽ ላይ ደረስን፤ ሆዴን ይቀዱታል ወይ? አይቀዱትም። ፍርሃትሽ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ ጁሊያን ዴ ሊያ የተባለው ሐኪም ይህን ሕክምና ሲጀምርና በ1990 የመጀመሪያዎቹን ሦስት እናቶች ሲዘግብ የእናትየው ሆድ ይከፈት ነበር። ከዚያ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ውስጥ ኢቭ ቪልና ኪፕሮስ ኒኮላይደስ ያሉበት ቡድን ሆድ ሳይከፈት በቆዳ በኩል በቀጭን መሣሪያ መግባትን አሳየ፤ በ1995 አወጡት። ዛሬ የሚሠራው በዚያ መንገድ ነው።

ቀኑ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ረጅም አልትራሳውንድ ይደረግልሻል። እንግዴ ልጁ ከፊት ነው ከኋላ፣ እትብቶቹ የት ተተክለዋል፣ የማሕፀን በርሽ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው፣ የልጆቹ ልብ እንዴት ነው የሚለውን ያያሉ። እንግዴ ልጁ በሆድሽ በኩል ከፊት ከሆነ መግቢያው ይከብዳል፤ የለመዱት ግን ይሠሩታል። ማደንዘዣው አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው ወይም በአከርካሪ በኩል የሚሰጥ ነው፤ ነቅተሽ ትሆኛለሽ። ቆዳሽ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ይከፍታሉ። በዚያ በኩል ፊቶስኮፕ የሚባል፣ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ ያስገባሉ። የሚገቡት ውሃ ባለበት፣ ማለትም በተቀባዩ ከረጢት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ለእኔ ከሙያዬ ሁሉ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው። ሐኪሙ የእንግዴ ልጁን ገጽ እያየ ከአንዱ እትብት የሚነሱትን የደም ሥሮች ይከተላል። ከልጁ የሚወጣው ደም ኦክስጅኑ ያነሰ ስለሆነ ደም ቅዳው ጠቆር ይላል፤ ደም መልሱ ደመቅ ያለ ቀይ ነው። ከትልቅ ሰው ተቃራኒ መሆኑ ነው። ደም ቅዳው ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከላይ ነው የሚያልፈው። በዚህ እየለየ የአንዱ ሥር ከሌላው የሚገናኝበትን ነጥብ ያገኛል። እያንዳንዱን ነጥብ በሌዘር ብርሃን ያደርቀዋል። መገናኛው ነጭ ሆኖ ይዘጋል።

ነጥቦቹን ከጨረሰ በኋላ አንድ ሥራ ይቀረዋል። በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቦታ ሁሉ ከእንግዴ ልጁ ጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ መስመር ያገናኘዋል። በዓይን ያልታዩ ቀጫጭን መገናኛዎች ካሉ እንዲዘጉ ነው። ይህ ዘዴ «ሰሎሞን» ይባላል፤ እናትሽ ስሙን ቢሰሙ ትንሽ ደስ ሳይላቸው አይቀርም። በ2014 የታተመ 274 እናቶችን የያዘ ጥናት ዋጋውን አሳይቷል። በሽታው ተመልሶ መምጣቱ ከ7 ወደ 1 በመቶ ወረደ። በቀጫጭን መገናኛዎች ቀስ ብሎ አንዱን ደም የሚያሳንስ፣ ሌላውን ደም የሚያወፍር ሌላ ችግር ደግሞ ከ16 ወደ 3 በመቶ ወረደ። በመጨረሻ የበዛው ውሃ በዚያው ቀዳዳ ይቀዳል፤ ብዙ ጊዜ ከሊትር በላይ ነው። ባለቤትሽ የፈለገው ነገር እዚህ ላይ ይፈጸማል ማለት ነው። ጠቅላላው ሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

አስተውይ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ልጆቹን የነካ የለም። በሽታው ያለው እንግዴ ልጁ ላይ ነው፤ ሕክምናውም እዚያው ላይ ነው። እናትሽ «ማሕፀን ውስጥ ያለ ነገር አይነካም» ሲሉ የሚፈሩት ልጆቹ እንዳይነኩ ከሆነ ይህን ንገሪያቸው። የሚነካው ከወሊድ በኋላ የሚወጣው ነገር ነው።

ማሕፀንሽ ስላልተቀደደ ወደፊት በተፈጥሮ መውለድ በዚህ ምክንያት አይከለከልሽም። ለሚቀጥለው እርግዝናም ጠባሳ አይተውም። የአከርካሪ ክፍተት ያለበትን ጽንስ ለማከም ማሕፀን የሚከፈትበት ቀዶ ሕክምና አለ፤ ሰው ሁለቱን እያምታታ ያስፈራራሻል። የተለያዩ ናቸው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ባልፍ ደግ አይሆንም። ሌዘር ሁሉንም አያድንም። የ25 ዓመት ሪፖርቶችን የሰበሰበ አንድ ግምገማ ሁለቱም ልጆች የሚተርፉበት ድርሻ ከ35 ወደ 65 በመቶ አድጓል ይላል። ቢያንስ አንዱ የሚተርፍበት ከ70 ወደ 88 በመቶ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ግን ከሦስት ቤተሰብ አንዱ ገደማ ቢያንስ አንድ ልጅ ያጣል ማለትም ነው። ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሆን ሰጪው ይበዛል። ምክንያቱ ሌዘሩ አይደለም ሁልጊዜ። እንግዴ ልጁ እኩል ያልተከፋፈለ ሊሆን ይችላል። ሰጪው የደረሰው ትንሽ ቁራጭ ከሆነ መገናኛው ሲቆረጥ በዚያ ቁራጭ ብቻ መኖር አለበት። አንዳንዱ ይችላል፤ አንዳንዱ አይችልም። ሌዘር እንግዴ ልጅ አያሳድግም። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ ሥሮቹ ከተዘጉ በኋላ አንዱ ቢያልፍ ሌላው ደሙ አይፈስም። የቀድሞው አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ስጋት የእንሽርት ውሃ ቀድሞ መፍሰስ ነው። ሽፋኑ ላይ የተከፈተው ቀዳዳ እንደ ቆዳ አይድንም። በዚህ ምክንያት ሌዘር የተሠራላቸው እናቶች ብዙዎቹ ቀናቸው ሳይደርስ ይወልዳሉ። ምጥ፣ መድማት፣ ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል። ለአንቺ ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ጥቂት ነው፤ ሆኖም የሳንባ ውሃ መቋጠርን የመሰሉ ከባድ ነገሮች አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥሙ አድረሽ ብትታዪ ይሻላል። ከሚተርፉት ልጆች ደግሞ በየጥናቱ ቢለያይም ከ10 አንዱ ገደማ የእድገት ወይም የእንቅስቃሴ ችግር ይገጥመዋል። ለዚህ ያለ ጊዜ መወለድ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ስለዚህ ከሌዘሩ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ እርግዝናውን በተቻለ መጠን ማራዘም ነው።

ከተሠራሽ በኋላ በማግስቱ ሁለቱም ልብ መምታቱን ያያሉ። ከዚያ በየሳምንቱ አልትራሳውንድ ይኖርሻል። በቀናት ውስጥ የትንሹ ፊኛ መሞላት ይጀምራል። ፊኛው ታየ ሲሉሽ ማልቀስ ይፈቀዳል። የተቀባዩ ልብ ለመረጋጋት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በየክትትሉ የአንጎላቸውን የደም ፍሰት ፍጥነት ይለካሉ፤ ቅድም ያልኩሽ ቀስ ብሎ የሚመጣው የደም ማነስ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሁሉ ነገር ቢያምርም በ34 እና በ36 ሳምንት መካከል እንድትወልጂ ይመክሩሻል። የምትወልጂው ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ጥሩ ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሁን። እንግዴ ልጁም እንዲመረመር ጠይቂ።

የእረፍት ነገር። አክስቶችሽ አልጋ ላይ አስተኝተው ውሃ እንኳ እንዳትቀጂ ያደርጉ ይሆናል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ከባድ ሥራና ረጅም መቆም ተዪ። ከዚያ ወዲያ ግን ሙሉ ቀን መተኛት ምጥን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም፤ ይልቅ እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ቤት ውስጥ ተንቀሳቀሺ፣ ብዪ፣ ጠጪ። ጾምን በተመለከተ ንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ ለእርጉዝ ሴት ደግሞ የሚከብድ ነገር አያዙሽም።

ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ጸሎታቸውን አትከልክያቸው፤ ለአንቺም ያስፈልግሻል። ጸበሉም ይምጣልሽ፤ በሐኪም ቤቱ በር የሚያግድሽ የለም። የሚጎዳው ጸሎቱ ቀጠሮውን ከተካ ብቻ ነው። እንደ ጎንደር ባለ ቦታ ለዘመናት እንዲህ ያለ መንታ ሲገጥም የሚደረግ ነገር ስላልነበረ «አይነካም» ማለት የማጽናኛ ቃል ነበር። አንቺ ግን መኪና ተነስቶ ከሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደርስበት ቦታ ላይ ሕክምናው አለሽ። ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ የጽንስ ሕክምና ማዕከል አለው፤ ፊላደልፊያም የሕፃናት ሆስፒታሉ ይህን ይሠራል። አንድ ቦታ ቀን ቢያራዝሙብሽ ሌላው ጋ እንዲደውሉልሽ ጠይቂ። ይህ በሳምንታት የሚቀጠር ነገር አይደለም።

ስትሄጂ አስተርጓሚ ጠይቂ። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ጠይቂ። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚረዱ የአሜሪካ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በዚያ አካባቢ አማርኛ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ባለቤትሽን አስተርጓሚ አታድርጊው። እሱም አባት ነው፤ የሚሰማው የልጆቹን ጉዳይ ነው፤ ፈርቶ ግማሹን ሊውጠው ይችላል። ሐኪሙን ደግሞ እነዚህን ጠይቂው፦ በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ሕክምና ይሠራሉ? የሰሎሞንን ዘዴ ይጠቀማሉ? እንግዴ ልጁ በሁለቱ መካከል እንዴት የተከፋፈለ ይመስላል? የማሕፀን በሬ ስንት ነው? የኢንሹራንሱን ነገር ማን ያስፈጽምልኛል? ለመጨረሻው የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ያገናኙሻል።

አንድ ከባድ ነገር ደግሞ ሊነሳ ይችላልና ድንገት እንዳይሆንብሽ። አንዳንድ ጊዜ በምርመራው አንደኛው ልጅ በምንም መንገድ እንደማይተርፍ ይታያል። ያኔ ሌላውን ለማዳን የአንዱን እትብት መዝጋት እንደ አማራጭ ሊቀርብ ይችላል። አንቺ በጻፍሽው ሁኔታ ይህ ከፊት የሚቀመጥ ምርጫ አይደለም። ቢነሳ ግን «አልፈልግም» ማለትም፣ «ልሰብበት» ማለትም፣ ንስሐ አባትሽን መጠየቅም መብትሽ ነው። ሐኪሙ ሊያስረዳሽ እንጂ ሊያስገድድሽ አይችልም።

ይህን ለምታነቡ ሌሎች የመንታ እናቶች ደግሞ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ቴል አቪቭ ወይም ለንደን። «መንታ ነው» ሲሏችሁ ደስታው ካለፈ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እንግዴ ልጁ ስንት ነው? መልሱ በጥሩ ሁኔታ የሚታወቀው ከ11 እስከ 14 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሁለቱን ከረጢቶች የሚለየው ሽፋን እንግዴ ልጁ ላይ ሲያርፍ ወፍራም ሦስት ማዕዘን ከሠራ ሁለት ነው፤ ቀጥ ብሎ በቀጭኑ ካረፈ አንድ ነው። ሳምንቱ እየገፋ ሲሄድ ይህ ምልክት ይደበዝዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛዋም እርጉዝ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ ይመክራል። በአንድ እንግዴ ልጅ ላይ ላሉ መንታዎች ግን አንዱ አይበቃም። ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ መታየት አለባቸው። የሁለቱ ውሃና ፊኛ በየጊዜው ይታይ፤ ወረቀቱም ላይ ይጻፍ።

ሌዘሩ በሁሉም አገር የለም። በእስራኤል ላላችሁ ቴል ሃሾሜር የሚገኘው ሼባ ሕክምና ማዕከል ይሠራዋል። በአውሮፓ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ላይደን፣ ሉቨንና ሃምቡርግ የታወቁ ቡድኖች አሉ። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ የእናትና የጽንስ ሕክምና ንዑስ ስፔሻሊስት ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል በጊዜ ሪፈር አስጽፉ። ሌዘር ባይገኝ እንኳ ውሃ መቅዳት፣ የማሕፀን በር ክትትል፣ የልጆቹን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌና የወሊዱን ቦታና ጊዜ ማቀድ አለ። ሆዳችሁ በቀናት ውስጥ ከተወጠረ፣ ቆዳው ካብለጨለጨ፣ ስትተኙ ትንፋሽ ካጠራችሁ «መንታ ስለሆነ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ያንኑ ቀን ታዩ።